የሁለት ሞክሼዎች ካርድ

ለታላቅ እህቴ፦

እንዴት ከርመሻል እታለም? ጤናሽ፣ ወገብሽ፣ ያ ብርድ ሲሆን የሚነሳብሽ ሳል እንዴት ሆነልሽ? ቀኑን ሙሉ ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ ቆሞ መዋል ለወገብ እንደማይበጅ ባለፈው ስነግርሽ ሳቅሽብኝ እንጂ አልሰማሽኝም። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ደህና ነው። ልጄ በቁመት ደርሳብኛለች፤ በአፍ ግን ከቀደመችኝ ቆየች። እማዬም ጉልበቴን ከማለቷ በቀር ደህና ናት፤ ሰላም በይልኝ ብላለች። ስለ አንቺም፣ ትልቋ ልጄ ያንን የመሰለ ሥራ በገዛ እጇ ጥላ ሄዳ የሰው ወረቀት ትገለብጣለች እያለች አሁንም ለጎረቤት ታወራለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስትል አጠገቧ ተቀምጬ ሰምቻለሁ፤ አንድ ቀን መልስ ሰጥቻት አላውቅም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ከጀመርኩልሽ ወሬ ትቀይሪብኛለሽ። በዚያ ማንም አይደርስብሽም። ወረቀት ግን እንደልብ አይቋረጥም፤ ስለዚህ ደንበኞችሽን ሸኝተሽ፣ አረፍ ብለሽ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ነገሩ የተነሳው ከፈቃድ እድሳቴ ነው። አንቺ ከወጣሽ ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋውጧል፤ ሠላሳው ሰዓት ግን እንዳለ ነው። የጤና መረጃ ባለሙያ የሚል ፈቃድ የያዘ ሁሉ በየሦስት ዓመቱ ሠላሳ ሰዓት ለመማሩ ማስረጃ ካላቀረበ ፈቃዱ ይወድቃል፤ ፈቃዱ የወደቀበት ሰው ደግሞ የታካሚ መዝገብ መንካት አይችልም። እስከዚህ ክፉ ነገር የለውም። ሰው ይማር። ጉዱ ያለው አስተማሪዎቹ ላይ ነው።

ግማሹ ትምህርት አሁን በኮምፒውተር ሆኗል። አንድ ገጽ ይከፈትልሻል፣ አራት መስመር አለው፣ እሱን አንብበሽ ብትጨርሺም ዘጠና ሰከንድ ካልሞላ ቀጥል የሚለው ቁልፍ አይበራም። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንዷ በአንድ እጇ ቁልፉን እየተጫነች በሌላው ሽንኩርት እየላጠች ስድስት ሰዓት ትምህርት እንደጨረሰች ራሷ ነግራኛለች። በየምዕራፉ መጨረሻ ላይ አንዲት የካርቱን ነርስ ብቅ ትልና እጇን እያውለበለበች በጣም ጎበዝ ትለኛለች። አርባ አምስት ዓመቴ ነው፤ የመጀመሪያ ጥርሷን ያበቀለች ሕፃን ይመስል ይጨበጨብልኛል።

በአዳራሽ የሚሰጠው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጠዋት ፈርሞ መጥፋት ልማድ ሆኗል፤ አንዱ ለአራት ሰው ይፈርማል። አምና ወሊድ ላይ የነበረች ባልደረባችን ሁለት ቀን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ እንደተገኘች ተመዝግቦላታል። የሥልጠናው ርዕስ የመረጃ ታማኝነት ነበር። እኔ ግን አልጠፋም፣ ለማንም አልፈርምም። ከጨዋነት እንዳይመስልሽ፤ እስከ መጨረሻው ተቀምጬ ካልናቅኳቸው አይወጣልኝም። ንቀትሽ አንድ ቀን ጉድ ያደርግሻል ትዪኝ የነበረው ትዝ ይለኛል።

እና ሠላሳዬን በጊዜ ጨርሼ ፈቃድ ወደሚታደስበት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ጸሐፊ ኮምፒውተሯን ስታይ ቆይታ ያለሽ ሃያ ስድስት ነው አለችኝ። አራቱ የት ገባ ብል፣ አንዲት ሞክሼ አለችሽ አለችኝ። ሌላ ሆስፒታል የምትሠራ፣ በእኔም በአባቴም ስም የምትጠራ ሴት ነች፤ የእኔ አራት ሰዓት በእሷ ስም ገብቶላታል። እስቲ አስቢው። መዝገብ በትክክል ያዙ እያለ አገር ምድሩን የሚያሠለጥን መሥሪያ ቤት የራሱን ባለሙያዎች መለየት አቅቶታል። ጮህኩ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ጮህኩ። የእናት ስም ሳትጠይቁ እንዴት ሁለት ሰው አንድ ታደርጋላችሁ አልኳት። ቅጹ ላይ የእናት ስም የሚጻፍበት ቦታ የለም አለችኝ፤ እሷም እውነቷን ነው። ማስተካከያው ሦስት ወር ይፈጃል፣ ፈቃድሽ ደግሞ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል፣ የሚሻልሽ አዲስ አራት ሰዓት መውሰድ ነው ብላ የማስታወቂያ ወረቀት ሰጠችኝ።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ስደርስ ነው አፌ ላይ የነበረው ቃል የማን እንደሆነ የገባኝ። የእናቷን ስም ሳትጠይቂ ሁለት ሰው አንድ አታድርጊ። የአንቺ ቃል ነው። በድምፅሽ ሳይቀር ነው የወጣው። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ የሚወጣው የሚወርደው እየዘለለኝ ያልፍ ነበር።

ለማንኛውም ተመዘገብኩ። ሁለት ግማሽ ቀን፣ አራት ሰዓት፣ ርዕሱ የመዝገብ ጥራትና የሙያ ሥነ ምግባር። አሠልጣኙን እኔ ስላይድ ብዬዋለሁ፤ ፊቱን ለግድግዳው ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ የተጻፈውን ከማንበብ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። መዝገብ ማለት መረጃ የሚመዘገብበት ነው ብሎ አነበበልን፤ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ደግሞ ይህንን ጻፉት። በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብሎ ካርድ ክፍል ውስጥ ስትሠሩ ዋናው ችግራችሁ ምንድን ነው አለኝ። አቧራ አልኩት። ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ያ ሰው አንድ ማኅደር ከመደርደሪያ አውርዶ የሚያውቅ አይመስለኝም፤ ጣቶቹን አይቻቸዋለሁ።

ከእረፍት ስንመለስ አሁን አንድ እውነተኛ ታሪክ እናያለን አለ፤ ስም አልጠቀስንም፣ ትምህርት እንዲሆናችሁ ነው አለ። ማንበብም ጀመረ።

በአንድ ሆስፒታል ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ በስማቸውም በአባታቸው ስምም ሞክሼዎች፣ በዕድሜ የአንድ ዓመት ልዩነት ብቻ ያላቸው። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ሁለቱን መዝገቦች ኮምፒውተር ላይ ስታገኝ የአንድ ሰው ካርድ ሁለቴ የወጣ መስሏት አዋሃደቻቸው። አንደኛዋ የማይስማማት መርፌ ነበር፤ ይህንን የሚገልጸው ማስጠንቀቂያ መዝገቦቹ ሲዋሃዱ ጠፋ። ሴትየዋ በሳምንቱ ስትመጣ መርፌው ተሰጣት። ስድስት ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ሰንብታ ተረፈች።

ምን ልንገርሽ እታለም። የሴትየዋ ልጆች ኮሪደሩ ላይ ስድስት ቀን መመላለሳቸውን፣ የትንሿ ልጅ የአንድ እግር ጫማ መጥፋቱን ስላይድ አላነበበውም። እሱ የሚያውቀው ከዚህ በታች ያለውን ነው፤ ጥፋተኛዋ የአሥራ ሁለት ዓመት አገልግሎት ያላት የክፍሉ ኃላፊ ነበረች፣ ቸልተኛ ነበረች፣ ራሷን በትምህርት አላበቃችም ነበር፣ ፈቃዷ ተነጠቀ። አያችሁ አለን ስላይድ፣ ተከታታይ ትምህርት ብትወስድ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር።

በዚያ ዓመት አርባ አንድ ሰዓት ነበረሽ። የምስክር ወረቀትሽን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተሸክሜ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ግማሹን ሰዓት ያገኘሽው ደግሞ ስታስተምሪ ነው።

አዳራሹ ከንፈሩን መጠጠ። አጠገቤ የተቀመጠችው፣ ጠዋት ሙሉ በስልኳ የጫማ ፎቶ ስታይ የቆየችው፣ እንዲህ ያለችዋማ መታሰር ነበረባት አለችኝ። በልቤ እሷን፣ ጫማዎቿን፣ ስላይድን፣ አዳራሹን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት ሳይቀር ናቅሁ። እንደዚያ ቀን ንቄ አላውቅም። ደክሞኝ እስክተወው ድረስ ናቅሁ፤ ከዚያ በኋላ የቀረኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ስላይድ የማያውቀውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ለእኔ ግን መጻፍ አለብኝ። ያን ቀን ሰልፉ እስከ በሩ ወጥቶ ነበር። ኮምፒውተሩ እነዚህ መዝገቦች የአንድ ሰው ናቸው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ አዎ የሚለው አረንጓዴ ነው፣ አይደለም የሚለው ደግሞ በደብዛዛው ተጽፏል። አዎን ከመጫን በፊት የእናት ስም መጠየቅ የኮምፒውተሩ ሕግ አልነበረም። የአንቺ ሕግ ነበር። በእጅሽ ጽፈሽ ማሽኑ ግንባር ላይ ለጥፈሽው ነበር። አዲስ የሚቀጠር ሰው በዚያ ወረቀት ይስቅ ነበር። በተለይ የሙያ ፈተናውን አንደኛ ወጥቶ የመጣ፣ የሙከራ ጊዜውን ለመጨረስ ሦስት ሳምንት የቀረው፣ ከማንም የሚማረው የሌለ መስሎት የነበረ ሰው፣ የእናት ስም መጠየቅ የአሮጊት ጣጣ ነው ይል ነበር። ሴትየዋ መስኮቱ ጋ ቆማለች። አንድ ቃል መጠየቅ ነው። ቢጠየቅ የእናቶቻቸው ስም እንደማይገናኝ ወዲያው ይታይ ነበር፤ በኋላ አጣሪዎቹ ሲያወጡት አይተነዋል። ያንን ቃል ለመጠየቅ ግን መጀመሪያ ሌላ ሰው ከእኔ የተሻለ ያውቃል ብሎ ማመን ያስፈልጋል።

አጣሪ ኮሚቴው አንቺን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀሽ። ኮምፒውተሩ የተከፈተው በማን ስም ነው አሉሽ። በእኔ አልሽ። ውሸት አልተናገርሽም፤ በአንቺ ስም ነበር የተከፈተው። ጻፉት፣ ፈረምሽ፣ አበቃ። ሁለተኛ ጥያቄ ለመጠየቅ የሚያበቃ ጭንቅላት ከአምስቱ አባላት አንዳቸውም አልነበራቸውም። ሰብሳቢው ለመሆኑ ካርድ ክፍል ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው ብሎ ጠይቆ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። ስትወጪ ቁልፎቹን እጄ ላይ አስቀመጥሽ፣ የአሮጌ ካርዶቹን መደርደሪያ መቆለፍ እንዳትረሺ አልሽ፣ ምሳ በልተሻል ወይ አልሽኝ። ሌላ ምንም አላልሽም። እኔም አላልኩም። በዓመቱ ያንቺን ቦታ ሰጡኝ፤ ተቀበልኩ።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። የመጀመሪያው ቀን በፈተና ነው የተዘጋው። ዘጠኙ ጥያቄ ምርጫ ነው፤ ልጄ በአጠገቡ ብታልፍ የምትመልሰው ነው። አሥረኛው ግን በጽሑፍ ነበር። እርስዎ በሠራተኛዋ ቦታ ቢሆኑ ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር ይላል፤ ግማሽ ገጽ ባዶ ቦታ ትተውለታል። ካልተመለሰ አራቱ ሰዓት አይሰጥም። ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም ጥንቃቄ አደርግ ነበር ብሎ እየጻፈ ነው። በጣም ጥንቃቄ አደርግ ነበር የሚልም አለ።

እኔም መጻፍ ጀመርኩ። ባለጫማዋ ከእኔ ልትገለብጥ አንገቷን አስግጋ ነበር፤ ሁለት መስመር ያህል እንደገለበጠች እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። ወረቀቴን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ የራሷ ወረቀት ላይ የገለበጠችውን ደጋግማ ሰረዘችው። ግማሹ ገጽ አልበቃኝም። ተጨማሪ ወረቀት ስጠይቅ ስላይድ ደስ ብሎት፣ እንዲህ ያለ ንቁ ተሳታፊ ነው የምንፈልገው ብሎ ለአዳራሹ ተናገረ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የፈቃድ ቁጥሬን ጽፌ ፈረምኩና ሰጠሁት።

በማግሥቱ በር ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ ልክ አልነበረም፤ ሳይተኛ እንዳደረ ያስታውቃል። ወደ ጥግ ወስዶኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይህንን ወረቀት ማንም አላየውም አለ። ሌላ ንጹሕ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ጥንቃቄ አደርግ ነበር ብለሽ ጻፊ፣ አራቱን ሰዓትሽን ውሰጂ፣ ፈቃድሽን አድሺ፣ ልጅ አለሽ አለኝ። ሴትየዋ ድናለች፣ ያቺም ሴት የራሷን ሕይወት ጀምራ ይሆናል፣ ለማን ይጠቅማል አለኝ። ሰውዬው ክፉ አይደለም እታለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እንደለመድኩት ልንቀው ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። የሚያቀርብልኝ ነገር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለራሴ ሳቀርብ የኖርኩትን ነው፣ እሱም እንደ እኔው በደግነት ስም ነው ያቀረበው። ንጹሑን ወረቀት መለስኩለትና የጻፍኩትን ለሚመለከተው ላከው አልኩት። እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። በዚህ ሙያ ውስጥ ስኖር እርግጠኛ የሆንኩበት ጊዜ ጥሩ እንዳልነበር ልነግረው አሰብኩና ተውኩት።

ትናንት ደብዳቤው መጣ። የፈቃዴ እድሳት ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪያልቅ ታግዷል፤ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ መዝገብ አልነካም። አራቱን ሰዓት ግን ሰጥተውኛል፤ ሰርተፍኬቱ ቀድሞ ታትሞ ስለነበር መጣሉ አሳዝኗቸው መሆን አለበት። አለቃዬን አነጋገርኩት፤ የመጨረሻው የሥራ ቀንሽ እስኪደርስ ምንም አልሰማሁም ብሎ ፊቱን አዞረ። ባለቤቴ ሁሉንም ያውቃል። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ለምን እስከ ዛሬ ደበቅሽኝ አለኝ። ለእማዬ እኔው እነግራታለሁ። ያንን እንኳ ላንቺ አልተውልሽም።

ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም የጻፍኩልሽ። ይቅርታውን ያን ጊዜ ኮሪደሩ ላይ፣ ሳልጠይቅሽ ሰጥተሽኛል፤ የከበደኝም እሱ ነው። በየእድሳቱ፣ በየሥልጠናው፣ ያንን ሁሉ ሰው እየናቅሁ የኖርኩት አንቺ በነበርሽበት ቦታ የተቀመጥኩትን ራሴን ላለማየት እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። በሌላው ላይ የሚተርፈኝ ንቀት ስላለቀብኝ ነው የጻፍኩልሽ ብትዪም አትሳሳቺም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ኮሚቴው አንቺንም ይጠራሻል፤ ደብዳቤው በዚህ ሳምንት ይደርስሻል። አውቅሻለሁ፣ ያለፈ ነገር ነው ብለሽ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ትከቺዋለሽ። ወይም ትመጪና እህቴ ደክሟት ነው፣ ጤናዋ ልክ አይደለም ትያቸዋለሽ። እንዳታደርጊው። ነገ ስታረጂ በዚያ ሆስፒታል ኮሪደር ስምሽ በትክክል እንዲነሳ እፈልጋለሁ። ስላይድም ያንን ታሪክ ደግሞ ሲያነብ እንደሆነው አድርጎ ያንብበው።

ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ወገብሽን ያበርታልሽ፤ እጅሽ የነካውን ሁሉ ይባርክልሽ፤ ዕድሜሽን ያርዝምልኝና እኔም በዓይንሽ ፊት ቀና ብዬ የምቆምበትን ቀን ያሳየኝ። ልጄ አክስቴን ሳሚልኝ ብላለች።

ስትመጪ ሰብሳቢው ያው የያኔው ሰውዬ ነው፤ አይለፍሽ። ሁለተኛውን ጥያቄ እንዲጠይቅሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጥርስሽን ልታስነቅይ ፈቃድ ወስደሽ ከግቢ ወጥተሽ ነበር፤ የወጣሽበት ሰዓት የጥበቃዎቹ መዝገብ ላይ አለ። ኮምፒውተሩን እንደተከፈተ ትተሽ ክፍሉን ለማን አደራ ብለሽ እንደሄድሽ ሲጠይቅሽ፣ እባክሽ እታለም፣ ዝም አትበይ።

ታናሽሽ